ጭነት

ከቱሉ ዲምቱ ባሻገር፣ አስፋልቱ ከሚደክምበት፣
ጭቃው በጠጠር ተደፍኖ፣ መንገድ ልሁን ከሚልበት፣
ግማሹ መስታወት ለብሶ፣ ግማሹ በአጣና ታስሮ፣
ቆሟል ዩኒቨርሲቲያችን፣ አምና እንዳለው ዘንድሮ።

እኔ የማታ ሰው ነኝ። ቀን መስመሩ አይቀመስም፤
ሺህ ተማሪ ሲጎትተው፣ አንድ ፊደል አያደርስም።
ሌሊት ግን፣ ከስድስት በኋላ፣
የኮዬው ጅብ ወጥቶ ቆሻሻውን ሲበላ፣
ኔትወርኩም ልቡ ይራራል፤
እንደ ሰው ቤት ሠራተኛ፣ ሌላው ሲተኛ ይሠራል።
ሰርቨር ማለት አገልጋይ ነው፤ ይህ ግን የሚያገለግሉት፣
በሩን ቆልፈው፣ አየር አቀዝቅዘው፣ እንደ አራስ የሚያባብሉት።

ያን ሌሊት የያዝኩት ጭነት፣ የአዲስ ገቢ ስም ነበር፤
ሁለት ሺህ ስም ከነሕንፃው፣ ከነአልጋው ቁጥር።
መብራት ሁለቴ ሄዶ መጣ፤ ሁለቴ ከዜሮ ጀመርኩ፤
በሦስተኛው ወንበር ላይ ታጥፌ፣ ሰማንያ ሲደርስ ተሳልኩ።

ኦቦ ቱፋ ገቡ፣ ጥበቃው፣ ካፖርታቸው ጤዛ ጠጥቶ፤
«ምን ትጭናለህ?» አሉኝ፣ ዐይናቸው መብራቱን አይቶ።
«ገጽ» አልኳቸው።
«የማን ገጽ?»
ሳቅኩ። ወዲያው መሳቄ አሳፈረኝ።
«የተማሪ ስም ነው፤ ጠዋት ለሁሉም ይታያል።»
«እንግዲያ ልጄም አለችበት፣ ኩለኒ። ፊቷ ይታያል?»
«ፊቷ አይታይም፤ ስሟ ነው።»
«ስሟስ ፊቷ አይደል?»

ጻፍኩ፦ ኩለኒ ቱፋ። ፈልግ አልኩት። የለም አለኝ።
ደገምኩት። የለም አለኝ።
ሽማግሌው አልተቆጡም። ከደረት ኪስ፣ በፌስታል የተጠቀለለ፣
ወረቀት አወጡ፤ ማኅተሙ ቀለሙን ገና ያልጣለ።
«ማንበብ አልችልም» አሉ፤ «ማኅተም ግን እለያለሁ፤
መሬቴን ሲወስዱ አንድ፣ ስቀጠር አንድ፤
ይህን ሦስተኛ ብያለሁ።»

ዘጠና አራት በመቶ። ስድስት ቀርቶኝ ልተኛ ነው።
ልተወው? ነገ ሬጅስትራር ሄዳ ትሰለፍ፤
ሰልፉ እስከ ካፌው ነው፤ ቀኗ በሰልፉ ይለፍ።
እንዲህም አስቤአለሁ። አልዋሽም። እንቅልፍ ክፉ ነው።

ዝርዝሩ በፊደል ተራ አይደል፤ እንዳመጣጣቸው ነው የተጻፉ፤
ከላይ ጀምሬ ወረድኩ፣ ስሞች በጣቴ ስር እያለፉ፦
ሶፊያ፣ ኦብሳ፣ ደስታለም፣
ሁለት ሐጎስ፣ አንድ ረድኤት፣
እና፣ ከሺህ አራት መቶ በታች፣ አንዲት እንግዳ ሴት፦
ኩላሊት ቱፋ ጉርሜሳ።
ሕንፃ ሰባት፣ አልጋ ሦስት።

የሬጅስትራሩ ኮምፒውተር፣ የማያውቀው ስም ሲገጥመው፣
«እኔ አውቅልሃለሁ» ብሎ፣ በሚያውቀው የሚያርመው!
ሳቄን ዋጥኩ። አነበብኩላቸው። እሳቸው ሳቁ፤
ጎናቸውን ይዘው፣ ካፖርታቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ፤
ከዚያ ዝም አሉ።
«ልክ ነው፤ ኩላሊቴ ናት» አሉ።
«ሁለት ነበሩኝ። አንዷ የለችም።»

ጭነቱን አቋረጥኩ። አንድ ቃል አረምኩ። ከዜሮ።
ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ነበር።
አብረን አየነው፣ ሲቆጥር።

«ይኼ ሳጥን የቆመበት፣ አውድማችን ነበር» አሉኝ፤
«ሽንብራውን በአህያ ጭነን፣ ዱከም እንወርድ ነበር።
አህያ ታዲያ፣ ሲበዛበት፣ መንገድ ላይ ይተኛል። ይኼስ?»
«ይኼም ይተኛል» አልኩ።
እንዳልኩትም፣ ስልሳ ሁለት ላይ ተኛ።
ጠበቅነው። ተነሣ።

መቶ ሲል፣ ከኮዬ በኩል የመጀመሪያው ሚኒባስ ጮኸ።
«ተራገፈ?»
«ተራገፈ።»
«የት ነው ያለችው አሁን?»
ሳጥኑን አሳየኋቸው። መዳፋቸውን አኖሩበት፤
ሞቅ ይላል፣ አሁን እንደተነሡበት መኝታ።
«እንግዲህ ልጄ ካለችበት» ብለው፣
ከዋናው በር ወንበራቸውን አምጥተው፣
ከክፍሉ ደጃፍ ተቀመጡ፣
ዱላቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው።